ጋሼን ጠይቁ፦ አስራ አምስት ፍሬ ቡናና የምርጫ ክልል

ሰላም ናችሁ። ባለፈው ወር ስለ ምርጫ ክልል ሁለት መስመር ጣል አርጌ ማለፌ ትዝ ይላችኋል አይደል፣ እኔማ ማንም አያነበውም ብዬ ነበር፣ ይኸው ጥያቄው እንደ ክረምት ዶፍ ወረደብኝ፣ ገሚሱ በቴሌግራም፣ ገሚሱ ደግሞ እዚሁ ጅማ መርካቶ ስወጣ መንገድ ላይ እያስቆሙኝ። አራቱን መርጫለሁ። «ማንን ልምረጥ» ብላችሁ ለጻፋችሁት አልመልስም፣ እሱን ከትራሳችሁ ጋር ተማከሩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን አሉልኝ። ጊንጆ አካባቢ የምኖር የማስተርስ ተማሪ ነኝ። «ጄሪማንደሪንግ በኢትዮጵያ» የሚል የቴሲስ ርዕስ ይዤ ብሄድ አድቫይዘሬ «መጀመሪያ እኛ ጋ መኖሩን በምን አወቅሽ» ብሎ መለሰኝ። ቃሉን ሁሉም ሰው ይጠቀምበታል፣ ግን በትክክል ምን ማለት ነው? እኛ ጋስ አለ?

መልስ፦ ልጄ አድቫይዘርሽ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ አንቺ ርዕሱ ላይ መልሱን ቀድመሽ ስለጻፍሽው ነው። ቃሉ የአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1812 የማሳቹሴትስ ገዢ የነበረው ኤልብሪጅ ጄሪ የራሱን ፓርቲ የሚጠቅም የምርጫ ክልል ካርታ ፈርሞ አጸደቀ፣ ከተሰመሩት ክልሎች አንዱ ሳላማንደር የምትባለዋን እንሽላሊት መሳይ ፍጥረት ይመስል ነበርና የቦስተን ጋዜጣ የሰውየውን ስም ከእንሽላሊቷ ጋር አዳቅሎ «ጄሪማንደር» አለው፣ ሰውየው ሞተ ስሙ ቀረ። ጄሪማንደሪንግ ማለት እንግዲህ የምርጫ ክልሉን መስመር ለራስ ወገን እንዲጠቅም አጣሞ ማስመር ነው።

ነገሩን ግን በካርታ ሳይሆን በቡና ላስረዳሽ። መልእክትሽ የደረሰኝ ቀን ባለቤቴ ግቢ ውስጥ ሰሌን ላይ ቡና አስጥታ ነበርና 9 የደረቀ ጀንፈል፣ 6 ቀይ እሸት አንስቼ ሰፌድ ላይ አደረግኩ። 15 መራጭ በያቸው። ወንበሩ አምስት ነው፣ ስለዚ ሶስት ሶስት እያረግሽ አምስት ቦታ ትከምሪያቸዋለሽ፣ እያንዳንዱ ክምር አንድ የምርጫ ክልል ነው፣ በየክምሩ የበዛው ወንበሩን ይወስዳል። ቀዮቹን ሶስት ሶስት አርገሽ አንድ ላይ ብታስቀምጪ ሁለት ክምር ይሞላሉ፣ 2 ወንበር አገኙ፣ ከ15ቱ 6 ናቸውና ልክ ድርሻቸው ነው። አሁን በትኛቸው፣ አራቱን አራት ክምር ውስጥ አንድ አንድ፣ የቀሩትን ሁለቱን አምስተኛው ክምር ውስጥ፣ ያገኙት 1 ወንበር ብቻ ነው። እንደገና ሰብስቢና ደሞ ሁለት ሁለት እያረግሽ ሶስት ክምር ውስጥ ጨምሪያቸው፣ 3 ወንበር! ከአምስት ሶስት፣ ጥቂቶቹ ምክር ቤቱን ያዙ ማለት ነው። አንድ ፍሬ አልጨመርሽ አንድ አልቀነስሽ፣ ሀሳቡን የቀየረም የለ፣ ኮሮጆ የነካም የለ። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ስታይ ቆይታ «እና ሰፌዱን የያዘው ነዋ የመረጠው» አለችኝና ቡናዋን መልሳ ሰሌኑ ላይ ደፋችው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፣ ውጤቱ ስለተዛባ ብቻ አንድ ሰው ሆን ብሎ አጣመመው ማለት አይቻልም። ቼንና ሮደን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት ፍሎሪዳን ይዘው ኮምፒውተሩ ስለ ፓርቲ ምንም ሳያውቅ ዝም ብሎ ብዙ ካርታ እንዲሰራ አደረጉ፣ ካርታዎቹ ግን ያም ሆኖ ወደ ሪፐብሊካን ያደሉ ሆነው ወጡ፣ ምክንያቱም የዴሞክራት መራጭ ከተማ ውስጥ ተጨናንቆ ስለሚኖር የከተማ ወንበሮችን በጣም ሰፊ በሆነ ልዩነት እያሸነፈ ድምጹን ያባክናል፣ እንግዲህ አሰፋፈሩ ራሱ ነው ያጣመመው። ዛሬ ስራው የሚሰራው በዚህ መንገድ ነው፣ በሺህ የሚቆጠር ካርታ በሶፍትዌር ይወጣል፣ የመንግስት ካርታ ከነሱ ጋር ይነጻጸራል፣ ከሁሉም ካፈነገጠ ያኔ ጥርጣሬው መሰረት አለው። ማስረጃ መኖሩና ዳኛ መገኘቱ ግን ለየቅል ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 በሆነ ድምጽ «ለፓርቲ ጥቅም ተብሎ የተሰመረ ካርታ የፌዴራል ፍርድ ቤት ጉዳይ አይደለም» ብሎ እጁን ታጥቧል።

እኛ ጋ ስንመጣ፣ ሰፌዱን ማን እንደሚይዝ ህገ መንግስቱ አንቀጽ 103 ላይ ተጽፏል፣ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል፣ ምርጫ ቦርድ ረቂቅ ያቀርባል፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስናል። የመጨረሻው ቆጠራ ግን የ1999ኙ ነው፣ አራተኛው በ2011 እንደገና ተራዘመ፣ ከዛ ወዲህም አልተካሄደም። ስለዚህ ያንቺ ጉዳይ ሰፌዱን ማን አጣመመው ከሚለው ይልቅ ሰፌዱ ለምን አልተበጠረም፣ ማለትም ካርታው ለምን አልታደሰም የሚለው ይመስለኛል። ርዕስሽን ወደዛ ብታዞሪው አድቫይዘርሽም ይስቅልሻል፣ ማስረጃውም ከጥርጣሬ ይልቅ ቁጥር ይሆንልሻል። ቁጥሩ ምን እንደሚመስል ቀጥሎ ላለው ጥያቄ ስመልስ እዪው።

ጥያቄ፦ ጋሼ እኔ መርካቶ ነጋዴ ነኝ። አንድ ደምበኛዬ ጅግጅጋ ያለ ሰው ድምጽ ሀረር ካለ ሰው ድምጽ ግማሽ ነው ብሎ ሙጭጭ አለ። ሱቅ ውስጥ ሲያከራክረን ዋለ፣ ሰውየው ይቀልዳል እንዴ?

መልስ፦ አይቀልድም ወዳጄ፣ ካልኩሌተርህን አውጣ። የህዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 ወንበር አለው፣ በ1999ኙ ቆጠራ የአገሩ ህዝብ ወደ 73.7 ሚሊዮን ነበር፣ ስታካፍለው ለአንድ ወንበር በአማካይ 135 ሺህ ሰው ይደርሳል። አሁን በየክልሉ እየው፣ ሐረሪ 183 ሺህ ሰው ይዞ 2 ወንበር፣ ለአንዱ ወደ 92 ሺህ። ሶማሌ 4.4 ሚሊዮን ሰው ይዞ 23 ወንበር፣ ለአንዱ ወደ 190 ሺህ። አዲስ አበባም ያው 23 ነው ያለው፣ ህዝቡ ግን 2.7 ሚሊዮን፣ ለአንዱ ወደ 119 ሺህ። እኛ ኦሮሚያ 178 ወንበር ይዘን ለአንዱ ወደ 152 ሺህ፣ አማራ 138 ይዞ ወደ 125 ሺህ፣ አፋር 8 ይዞ ወደ 174 ሺህ። ደምበኛህ ልክ ነው፣ ቀሪ ሂሳብ ካለበት ቀንስለት።

ይሄ ሁሉ ግፍ ነው ማለት ግን አይደለም። የሐረሪና የጋምቤላ ድምጽ ከፍ ብሎ መመዘኑ በከፊል ሆን ተብሎ ነው፣ ትንሽ ህዝብ በቁጥር ብቻ ከተለካ ድምጹ ጭራሽ አይሰማም። የሚያሳስበው ማንም ሳያስብበት የሚመጣው ልዩነት ነው። እንግሊዞች ጋ ኦልድ ሳረም የሚባል ሰው የማይኖርበት ኮረብታ ነበር፣ 7 መራጭ ይዞ እስከ 1832 ድረስ ሁለት የፓርላማ አባል ይልክ ነበር፣ አዲሶቹ የፋብሪካ ከተሞች ደግሞ አንድም አልነበራቸውም። አሜሪካ ውስጥ ቴነሲ ከ1901 ጀምሮ ካርታውን ሳይነካ 60 ዓመት ቆየና ከተሜው ተከራክሮ በ1962 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አየለት፣ «አንድ ሰው አንድ ድምጽ» የሚለው መርህ በ1964 በመጡት ውሳኔዎች ጸና (እነዚህ ዓመቶች በነሱ አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱም ቦታ ካርታው ቁጭ ብሎ ነው ሰው ጥሎት የሄደው። በ1999 ጅማ ከተማ ወደ 121 ሺህ ነበርን፣ ከአንድ ወንበር አማካይ ትንሽ ዝቅ ያለ። ዛሬ ስንት ነን? ወደ ቆጪ ወይ ወደ ቦሳ በባጃጅ ሂድና የተሰራውን ቤት አይተህ ገምት፣ እኔ በወረቀት የያዝኩት ያንኑ የድሮውን ነው።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለወንድሜ ለአምደኛው። ትውልዴ ዳውሮ ነው፣ ጅማ ሄርማታ አርባ ዓመት ሆነኝ። ልጄ «እኛ እዚህ ከተማ በየሰፈሩ ተበትነን ነው እንጂ አንድ ሰፈር ብንኖር የራሳችን ተመራጭ ይኖረን ነበር» ይላል። እኔ ደግሞ ከጎረቤቶቼ ምን ያጣላኛል እላለሁ። የቱ ነው እውነቱ?

መልስ፦ እትዬ እንደምን ሰነበቱ። እናትም ልጅም ልክ ናችሁ፣ ነገሩን ለየት ለየት አርገን እንየው።

ሀና ፒትኪን የምትባል ምሁር እ.ኤ.አ. በ1967 የለየችው ነገር አለ፣ እርስዎን የሚመስል ወኪል አንድ ነገር ነው፣ የእርስዎን ጉዳይ የሚጨርስ ወኪል ሌላ ነገር ነው። ልጅዎ የመጀመሪያውን ነው የሚጠይቀው፣ እርስዎ ሁለተኛውን። ሁለቱ አንዳንዴ አብረው ይሄዳሉ፣ አንዳንዴ አንዱ አንዱን ይበላዋል።

መብላቱ እንዴት ነው ቢሉ አሜሪካኖቹን ይዩ። እ.ኤ.አ. የ1965 የመራጮች መብት ህግ አላቸው፣ በ1982 ተሻሻለ፣ ከዛ በ1986 ፍርድ ቤቱ የሰሜን ካሮላይናን ጉዳይ አይቶ ሶስት መፈተኛ አወጣ፦ አናሳው አንድ የምርጫ ክልል ውስጥ አብላጫ ሊሆን የሚችል ያህል በዝቶ ተጠጋግቶ ይኖራል ወይ፣ አንድ ሆኖ ይመርጣል ወይ፣ አብላጫውስ አንድ ላይ ቆሞ የአናሳውን እጩ በተደጋጋሚ ይጥላል ወይ። ሶስቱም አዎ ከሆነ መስመር ይሰመርለት ተባለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ታዲያ ጥቁሮች የሚበዙባቸው ክልሎች በደቡቡ በብዛት ተሰመሩ። አንዱ የሰሜን ካሮላይና 12ኛ የሚባለው 160 ማይል ይረዝማል፣ ከጅማ ተነስተው ሰኮሩን፣ ጊቤን፣ ወልቂጤን አልፈው ወሊሶንም ትንሽ ዘለል እንደማለት ነው፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ስፋቱ የአውራ ጎዳናው ያህል ብቻ። በአስፋልት ላይ የተዘረጋ ክር ይበሏት። በ1993 ፍርድ ቤቱ ይሄን ካርታ አይቶ ዘርን ብቻ ተከትሎ የተሰመረ መስመር ጥብቅ ምርመራ ይደረግበታል አለ።

ጥቁር ተመራጮች ግን በዙ፣ እሱ አይካድም። በ1994 ደግሞ ሪፐብሊካኖች ከ40 ዓመት በኋላ ምክር ቤቱን ያዙ። ክርክሩ እዚህ ጋ ጦዘ፣ ጥቁር መራጭ ጥቂት ክልል ውስጥ ሲታጨቅ ጎረቤት ክልሎች ያሉት ለዘብተኛ ተመራጮች የሚደግፋቸውን አጡ። ካሜሮን፣ ኤፕስታይንና ኦሃሎራን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1996 ተመራጮቹ ለህጎች የሰጡትን ድምጽ አይተው የደረሱበት፣ ከደቡቡ ውጪ ጥቁሮች በእኩል ቢበተኑ፣ በደቡቡ ደግሞ ከግማሽ ትንሽ ዝቅ ባለ መጠን ቢሰባሰቡ ጉዳያቸው በተሻለ ይሄድ ነበር የሚል ነው። ከላይ ያለችውን ሰፌድ ያስታውሱ፣ ሁለት ሁለት ቀይ ሲሆን ነው ሶስት ወንበር የመጣው። ይሄን ሰምቶ «እንግዲያው መበተን ይሻላል» ብሎ የሚሮጥ ደግሞ አላባማን ይይ፣ ከህዝቡ 27 በመቶ ገደማ ጥቁር ሆኖ ከ7 ወንበር ጥቁሮች የሚበዙበት 1 ብቻ ነበር፣ በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 ይሄ አይሆንም አለ፣ ካርታው ተቀየረና በ2024 ምርጫ ሁለት ጥቁር ተመራጮች ገቡ። እዛ ነጩ ከነጭ ጥቁሩ ከጥቁር ጋር ነው የሚመርጠው፣ ስለዚህ መበተን መጥፋት ነው።

አሁን ወደ ሄርማታ እንመለስ። የመጀመሪያው መፈተኛ ላይ ነው የምንወድቀው እትዬ። የእርስዎ ግድግዳ ከማን ጋር ነው የሚዋሰነው? በአንድ በኩል ኦሮሞ፣ በሌላ በኩል ጉራጌ፣ ከፊት አማራ፣ ጥግ ላይ ከፋ ወይ የም ነው አይደል። ይሄን ለይቶ የሚያጥር መስመር በሶፍትዌርም አይሰመርም፣ እንደ ክር ቢቀጥንም አይሰመርም። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 54 ለአናሳ ብሄረሰቦች ከ20 ያላነሰ ወንበር ይላል፣ ግን እሱም በሚኖሩበት አካባቢ በሚከለል የምርጫ ክልል ነው የሚደርሳቸው፣ ተቀላቅሎ ለሚኖር ከተሜ አይሆንም። ዳውሮ ዞን በደቡብ ምዕራብ ክልል ውስጥ የራሱ ወኪሎች አሉት፣ ደግ፣ ግን የታርጫ ተመራጭ የሄርማታን ቦይ አያስጠርግልዎትም።

ስለዚህ ለተበተነ ሰው መስመር መድሀኒት አይደለም፣ ደንቡ ነው መቀየር ያለበት። ሩቅ ሳንሄድ ሐረር ይኸውና፣ የክልሉ ምክር ቤት 36 ወንበር አለው፣ 14ቱ የሐረሪ ብሄረሰብ ጉባኤ ነው፣ ሐረሪ የሆነ ሰው ሌላ ከተማ ቢኖርም ይመርጥበታል፣ ማለትም ወንበሩ የተሰጠው ለሰው ነው እንጂ ለመሬት አይደለም። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. ከ1867 ጀምሮ ለነባር ህዝቦቿ ለማኦሪዎች ወንበር ለይታለች፣ አሁን 7 ናቸው፣ ማኦሪው በማኦሪ መዝገብ ወይስ በጠቅላላው መዝገብ ልመዝገብ የሚለውን ራሱ ይመርጣል፣ ከ7ቱ አንዷ ደቡባዊውን ደሴት ሙሉውን ትሸፍናለች። ህንዶች ደግሞ ሌላ ነገር አደረጉ፣ ከ543 ወንበር 84ቱን በካስት፣ ማለትም በውልደት ደረጃ፣ ለተገፉት 47ቱን ለጎሳዎች ለዩ፣ ተወዳዳሪው ከነሱ ብቻ ነው፣ መራጩ ግን ሁሉም ሰው። የተገፉት መሪ የነበረው አምበድካር የተገፉት ለብቻቸው ይምረጡ ብሎ ነበር፣ ጋንዲ ጾም ገባበት፣ እ.ኤ.አ. በ1932 ፑና ላይ በዚህ ተስማሙ። እስከ ዛሬ ግን የሚተቹት አሉ፣ ተመራጩ የሚያሸንፈው በሌላው ድምጽ ስለሆነ ለወገኑ አጥብቆ አይናገርም ይላሉ።

የኔን ከጠየቁኝ እኔ ቢያንስ ለከተማ ምክር ቤት የተመጣጠነ ውክልና ነው የምመርጠው፣ ከመቶ አስር ከሆኑ ከመቶ አስር ወንበር፣ የትም ሰፈር ይኑሩ የት። አሁን ያለው አሸናፊ ሁሉን ጠቅልሎ የሚወስድበት ነው፣ በእኛው 1997 አዲስ አበባ ላይ ቅንጅት ከ138 የከተማ ምክር ቤት ወንበር 137ቱን ወሰደ፣ ሌላ ፓርቲ የመረጠ ሰው ግን እዛ ከተማ አልነበረም እንዴ? በ2002 ደግሞ ኢህአዴግና አጋሮቹ ከ547 545ቱን (ለዚህኛው ሌላም ሌላም ምክንያት ነበረው፣ ታውቁታላችሁ)። ለፌዴራሉ ይሄን ለመቀየር አንቀጽ 54 ራሱ መነካት አለበት፣ «አብላጫ ድምጽ ያገኘ» ብሎ ስለጻፈው። እዳም አለው፣ ሁሉም በብሄሩ ፓርቲ ልክፈት እንዳይል ያሰጋል፣ እርስዎ «ከጎረቤቴ ምን ያጣላኛል» ያሉት እዚህ ጋ ይገባል። ለልጅዎ ግን ይሄን ይንገሩልኝ፣ ሰፈር ለውጡ ማለቱን ትቶ ደንቡ ላይ ቢከራከር ቤት ኪራዩም ይቀልለታል።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ አጭር ጥያቄ ናት። ድምጽ ሚስጥር ነው ይባላል፣ ታዲያ እነዚህ ተመራማሪ ምናምን የምትሏቸው ሰዎች የትኛው ብሄር ለማን እንደመረጠ በምን አወቁ? ሰላይ አላቸው ወይስ ይገምታሉ?

መልስ፦ ሰላይ የላቸውም፣ የሚለጠፍ ወረቀት ነው ያላቸው። ቆጠራ ሲያልቅ የየጣቢያው ውጤት በር ላይ ይለጠፋል አይደል፣ ከሱ ነው የሚነሱት። አንድ ጣቢያ 100 ሰው መረጠ እንበል፣ ከመቶው 80ው የአንድ ብሄር ሰዎች መሆናቸው ይታወቃል፣ ፓርቲ «ሀ» 90 ድምጽ አገኘ። «ሀ»ን ያልመረጠው 10 ሰው ብቻ ነው፣ አስሩም ከሰማንያዎቹ ቢሆኑ እንኳ ከሰማንያው ቢያንስ 70ው «ሀ»ን መርጠዋል፣ ከሀያዎቹም ቢያንስ አስሩ። ማንም ሳይጠየቅ ታወቀ። ይሄን ለብዙ ጣቢያ ሰርተው በስታቲስቲክስ ያጠብቁታል፣ ጋሪ ኪንግ የሚባል ሰው በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዘዴ በደምብ ይሰራበታል፣ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶችም እንዲህ አይነት ስሌት ይቀበላሉ።

ችግሩ ዘዴው የሚወደው ለየብቻ የሚኖር ሰው ነው። ጣቢያው ውስጥ 50ው ከዚህ 50ው ከዛ ከሆነና «ሀ» 50 ድምጽ ካገኘ፣ ከዚህኛው ወገን የመረጠው ዜሮም ሊሆን ይችላል ሀምሳም ሊሆን ይችላል፣ ቁጥሩ ምንም አይነግርህም። የሄርማታዋ እትዬ ሰፈር ያለው ጣቢያ በር ላይ የሚለጠፈው ወረቀት እንደዛ ነው፣ አንብበህ አንብበህ ጎረቤትህ ማንን እንደመረጠ ሳታውቅ ትመለሳለህ።